«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» አንበል

ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

  ባለፈው እትም በዚሁ «የእኔ ሐሳብ» በሚለው አምድ ላይ ስለ መጸዳጃ ቤት ውሃ የተጻፈውን አንብባችሁ ብዙዎቻችሁ ወዳችሁታል። ዛሬ ደግሞ ተራው የእኔ ነው። የምጽፈው ስለ ጥርስ ነው። ስለ እኛ ጥርስ ሳይሆን ስለ ታናናሾቻችን ጥርስ ነው። «ስለ ጥርስ ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብና ከዚያ በኋላ ይፍረድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ። ስሙን ብጽፈው ስለሚያፍር ቤት ውስጥ እንደምንጠራው ማሙሽ እለዋለሁ። 5 ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ኬጂ ይማራል። ማሙሽ ጡጦ የተወው 3 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ማታ ማታ ሲያለቅስ እማዬ ስኳር ያለው ወተት ወይም ሻይ በጡጦ አድርጋ ትሰጠዋለች፣ እሱም እየጠባ እንቅልፍ ይወስደዋል። እማዬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለሥራ ስለምትወጣ ማታ መተኛት አለባት። ማንም እናት ብትሆን እንደዚያ ታደርጋለች። ከጊዜ በኋላ የላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ መጀመሪያ ነጣ ነጣ ያለ ነጠብጣብ አወጡ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆኑ፣ ከዚያ ጠቁረው እየተሸረፉ አለቁ። ያየው ሰው ሁሉ «ውይ፣ ትል በላው!» እያለ ይስቃል። እኛም «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ብለን ዝም አልን።

ጥር ውስጥ አንድ ሌሊት ሁላችንም ተኝተን ማሙሽ ሲጮህ ነቃን። ግራ ጉንጩን ይዞ ምንጣፉ ላይ ይንከባለላል። ጎረቤታችን ድምፁን ሰምተው ቅርንፉድ ይዘው መጡ። እማዬ የተበላው ጥርሱ ላይ አደረገችለት። ትንሽ ዝም አለና እንደገና ጀመረው። እኔ በማግስቱ የሒሳብ ፈተና ነበረኝ፤ ግን እሱ ነው እንጂ ፈተናው ትዝም አላለኝ። ሲነጋ ጉንጩ አብጦ ዓይኑ ሊደፈን ምንም አልቀረውም። እማዬ አዝላው ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ጻፉላት። መጀመሪያ እብጠቱ እንዲጎድል መድኃኒት ወሰደ። በሌላ ቀን ሁለት የመንጋጋ ጥርሶቹ ተነቀሉ። በዚያን ቀን እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። እጄን በጣም ጨምቆ ይዞኝ ነበር። መርፌውን ሲያይ «ሁለተኛ ከረሜላ አልበላም፣ ተይኝ» እያለ ሐኪሟን ለመናት። ሐኪሟን ሳይሆን እኔን የለመነኝ መሰለኝ። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እማዬ ሐኪሟን «ያው የወተት ጥርስ ስለሆነ ሌላ ይበቅልለታል አይደል?» ብላ ጠየቀቻት። ሐኪሟም አልተቆጣችም። እንዲህ ብላ አስረዳችን። የፊት ጥርሶች የሚወድቁት 6 ወይም 7 ዓመት ላይ ነው። የወተት መንጋጋዎች ግን 10፣ 11፣ አንዳንዴም 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ስለዚህ ማሙሽ በነዚያ ጥርሶች ገና 5 ወይም 6 ዓመት ሙሉ ሊያኝክባቸው ይገባ ነበር። 5 ዓመት ማለት እኮ ከ2ኛ ክፍል እስከ 7ኛ ክፍል ማለት ነው! «ይወድቃል» ማለት «አሁን አያስፈልግም» ማለት አይደለም። ጣሪያችንም አንድ ቀን ይለወጣል፤ ግን እስኪለወጥ ይፍሰስ የሚል ሰው የለም።

ሌላም ነገር ነገረችን። የወተት ጥርስ ከሥሩ ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ ይዞ ነው የሚጠብቀው። ያለ ጊዜው ከተነቀለ ጎንና ጎን ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይጋደላሉ። ቋሚው ሲመጣ ቦታ ያጣና ተጣሞ ወይም ተደራርቦ ይወጣል። መግል ደግሞ ሲቆይ ገና ከሥር እየተሠራ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳው ይችላል። እኔ ይህን ስሰማ በጣም ደነገጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የወተት ጥርስና ቋሚ ጥርስ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ይመስሉኝ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ። የወተት ጥርሶች በጠቅላላ 20 ናቸው። መብቀል የሚጀምሩት 6 ወር ገደማ ላይ ሲሆን 3 ዓመት ሲሞላ ሁሉም ወጥተው ያልቃሉ። 6 ዓመት አካባቢ ግን ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ በስተኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ፣ ዝም ብሎ አዲስ ጥርስ ይበቅላል። ከላይ 2፣ ከታች 2፣ በድምሩ 4 ናቸው። እነዚህ ቋሚ ናቸው! ማንም ስላልወደቀላቸው ቤተሰብ ሁሉ የወተት ጥርስ ይመስሉታል። «ሲበላ ይበላ፣ ይወድቃል» ይላል። እነሱ ግን አይወድቁም፣ ከተበሉም ሌላ አይተካላቸውም። ዛሬ ቤት ስትሄዱ የ6 ወይም የ7 ዓመት ታናሽ ካላችሁ አፉን አስከፍታችሁ ከፊት ከመካከል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። 5ኛው የወተት ነው፣ 6ኛው ካለ ቋሚ ነው። እኔ የጎረቤታችንን ልጅ ቆጥሬ አገኘሁት። ገና ብቅ ብሎ ነው ያለው፤ እናቱ መብቀሉን አላወቀችም ነበር።

አሁን «ትል በላው» ወደሚለው ልምጣ። ትል የለም። በአጉሊ መነጽር ካልሆነ የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው አፋችን ውስጥ የሚኖሩት። እኛ ስኳር ስንበላ እነሱም ይበላሉ። በልተውም አሲድ ያወጣሉ። አሲዱ የጥርሳችንን የውጭ ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለውን፣ እያሟሟ ይቦረቡራል። የትንንሽ ልጆች ኢናሜል ደግሞ ከእኛ ይልቅ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበሳል። ምራቃችን አሲዱን እያጠበ ጥርሱን ይጠግነዋል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። አንዴ ስኳር ከበላን በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አሲዱ ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ዋናው ችግር የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበላ ነው። በምሳ ሰዓት አንዴ የበላው ልጅ ጥርሱ ያርፋል። ጠዋት አንድ ከረሜላ፣ በእረፍት አንድ፣ ሲወጣ አንድ፣ ቤት ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይ የሚወስድ ልጅ ግን ጥርሱ ቀኑን ሙሉ አያርፍም። ባለ እንጨቱ ከረሜላ ደግሞ የባሰ ነው፤ እየተላሰ ብዙ ደቂቃ ይቆያል። ማታ ተኝተን ምራቅ ስለሚቀንስ፣ በጡጦ ጣፋጭ ይዞ መተኛት ከሁሉ የከፋ ነው። የማሙሽ የፊት ጥርሶች ያለቁት ለዚህ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ማሙሽን ከኬጂ የምወስደው እኔ ነኝ። መንገዱ ዳገት ነው። ከረሜላ ካልገዛሁለት «ደከመኝ፣ እዘይኝ» ይለኛል። እሱን ከማዘል ከረሜላ መግዛት ይቀለኝ ነበር። እማዬ ለዳቦ ከምትሰጠኝ ብር መልሱን ይዤ በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ እገዛለት ነበር። እማዬ አታውቅም ነበር፤ አሁን ነግሬያታለሁ። ሆስፒታል ውስጥ «ከረሜላ አልበላም» ሲል እኔን የለመነኝ የመሰለኝ ለዚህ ነው።

ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። ክበባችንም አለበት። ዓርብ ዓርብ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ጥያቄና መልስ እናዘጋጃለን። ለመለሰ ልጅ ሽልማቱ ምንድን ነው? ከረሜላ። ከረጢቱን ይዤ የማድለው ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ጥያቄው «የተመጣጠነ ምግብ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ነበር። አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ በጣም ጥሩ አድርጎ መለሰ፣ እኛም 3 ከረሜላ ሰጠነው። ያኔ ማንም አልሳቀም። አሁን ሳስበው ግን ያስቃልም ያሳዝናልም።

የኬጂ ቲቸሮቻችን፣ እባካችሁ አትቀየሙኝ። ያላለቀሰ ልጅ፣ የቤት ሥራውን የሠራ ልጅ፣ ፊደል የለየ ልጅ ከረሜላ ይሰጠዋል። ከኪሳችሁ እንደምትገዙት አውቃለሁ። ልጆቹን ስለምትወዷቸው ነው። የኬጂ ልጅ ግን ጎበዝ ከመሆን ጋር ጣፋጭን አያይዞ ካደገ፣ በኋላ ቤት ውስጥ ማን ያስተወዋል? እንዲያውም አንድ የኬጂ መምህርት ማሙሽ ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ እጁ ላይ በእስኪርቢቶ ኮከብ ሥላለት ነበር። ቤት መጥቶ እጄን አልታጠብም ብሎ አስቸገረን። ለእራት በግድ ነው የታጠበው። ኮከቡ ምንም ብር አላስወጣም፣ ጥርስም አልበላም። ደወል መደወል፣ ሰልፍ መምራት፣ ጭብጨባ፣ እነዚህም ሽልማት ናቸው። እኛ ክበብ ደግሞ በከረሜላው ብር እርሳስና ላጲስ ብንገዛ ለተሸላሚው የበለጠ ይጠቅመዋል።

«ዋናው ችግር ከረሜላ የሚሸጡት ናቸው፣ ከበር ላይ ይባረሩ» የሚሉ ልጆች አሉ። በዚህ እኔ አልስማማም። በራችን ላይ የሚሸጡትን እናት ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ልጃቸው እዚሁ ይማራል። ይህን ጽሑፍ ከመጻፌ በፊት ሄጄ አነጋገርኳቸው። «እትዬ፣ ለምን ከረሜላውን ትተው ሙዝ አይሸጡም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሙዙ ካልተሸጠ በሁለት ቀን ይጠቁርብኛል። ከረሜላ አይበላሽም። ኪሳራውን ማን ይከፍለኛል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ትንሽ ቆይተው ግን «እናንተ ከገዛችሁኝ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ቆሎም ንፍሮም አመጣለሁ» አሉ። ስለዚህ ነገሩ በእኛ እጅ ነው። እሳቸው የሚሸጡት እኛ የምንገዛውን ነው። ከ5ኛ ክፍል በላይ ያለን ልጆች ለራሳችንም ለታናናሾቻችንም ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ካሮት፣ ንፍሮ፣ ቆሎ ብንገዛ እሳቸውም አይጎዱም፣ ታናናሾቻችንም አይጎዱም። ለኬጂ ልጆች ግን ጠንካራ ቆሎ ሊያንቃቸው ስለሚችል ንፍሮና ሙዝ ይሻላል።

«እኛ ድሃ ነን፣ ብሩሽና ሳሙና ከየት ይመጣል?» የሚልም አለ። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። እኛም ቤት ችግር አለ። ግን በየቀኑ የምገዛውን ከረሜላ ብር አንድ ወር ብቻ አጠራቅሜ ለማሙሽ ትንሽ ብሩሽ ገዛሁለት፣ ተረፈኝም። አንድ ብሩሽ ደግሞ 3 ወር ያህል ያገለግላል። የአንዱን ብሩሽ ሌላው መጠቀም የለበትም፣ ለየራስ ነው። ብሩሽ ለጊዜው ያልተገኘለት ደግሞ አያቶቻችን ያስተማሩን መፋቂያ አለ። የወይራ ወይም የልምጭ እንጨት ጫፉን በደንብ አኝኮ ለስላሳ አድርጎ መፋቅ ቆሻሻውን ያነሳል። ለትንሽ ልጅ ግን መፋቂያ ይዞ እየሮጠ ቢወድቅ አደጋ ስለሆነ ትልቅ ሰው ቁጭ አድርጎ ይፋቅለት። ሳሙና ከተገኘ ግን ፍሎራይድ ያለው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ፍሎራይድ ኢናሜሉን ያጠነክረዋል።

የሳሙናው መጠን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው ነው የሚያሳዩት። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አንድ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ አንድ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ትበቃለች። ልጆች ሳሙናውን ስለሚውጡት ነው። ፍሎራይድ በልኩ መድኃኒት ነው፣ ሲበዛ ግን ገና እየተሠራ ያለውን ጥርስ ያበላሻል። ለዚህ ማስረጃው እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የጠጡት ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ መሆን የለበትም ይላል። እኛ ክፍል ከዚያ አካባቢ የመጣ ልጅ አለ። አንዳንዶቻችን «ጥርስህን አትፋቅም እንዴ?» እያልን እናበሽቀው ነበር። እሱ እኮ ከእኛ ሁሉ በላይ ይፋቃል! ጥፋቱ የውሃው እንጂ የእሱ አይደለም። እኔም ካበሸቁት አንዷ ስለነበርኩ እዚህ ላይ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ግግ ልጨምር። አያቴ ከገጠር የመጡ ጊዜ የማሙሽን ነገር ሰምተው የአጎቴን ታሪክ ነገሩኝ። አጎቴ ሕፃን ሳለ አስቀመጠው፣ ትኩሳትም ያዘው። «ግግ ነው» ተባለና ድዱን በስለት ፈልፍለው አወጡለት። የወጣው ግግ የተባለው ግን ገና ያልበቀለ ክራንቻ ጥርሱ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኖ እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ክራንቻው ተጣሞ ነው ያለው። አያቴ «እኛ ምን እናውቃለን ልጄ፣ እንዲድንልን ብለን ነው» አሉኝና ዝም አሉ። አላዘንኩባቸውም። አሁን ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግግ ማስወጣትና የወተት ጥርስ መንቀል ጎጂ ልማድ መሆኑን በየቤቱ ያስተምራሉ። ሕፃን ጥርስ በሚያበቅልበት ጊዜ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ስለሚከት ነው ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው። መፍትሔው ድድ መፈልፈል ሳይሆን ኦ አር ኤስ መስጠትና ቶሎ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ባልተቀቀለ ስለት ድድ መፈልፈል ደግሞ ደም ያፈሳል፣ ቴታነስና ሌላም በሽታ ያስይዛል። ይህም የሚመጣው ከዚያው «የወተት ጥርስ ምን ያደርጋል» ከሚለው ንቀት ነው።

አሁን ለእኛ ለታላላቆች። ክፍላችን ውስጥ «ከ8 ዓመት በታች የሆነ ታናሽ ያለው እጁን ያውጣ» ብዬ ጠየቅኩ። ከግማሽ በላይ እጁን አወጣ። «ማታ ማታ ጥርሱን የሚቦርሽለት ደግሞ?» ስል በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ቀሩ። «ራሱ ይቦርሻል» አሉ ሌሎቹ። የ5 ዓመት ልጅ ግን ራሱ መቦረሽ አይችልም፣ ሳሙናውን ልሶ ይሮጣል። 7 ወይም 8 ዓመት እስኪሞላው፣ የጫማውን ክር ራሱ በደንብ ማሰር እስኪችል ድረስ ሰው ሊቦርሽለት ይገባል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ደክመው ነው የሚመጡት። ይህን እኛ ብንሠራው ምን እንሆናለን? 2 ደቂቃ ነው። ስልክ ላይ የምናጠፋውን ጊዜ እናውቀዋለን።

እኔ እንዴት እንደማደርግ ልንገራችሁ። ከእራት በኋላ ማሙሽን ከፊቴ አቁሜ ጭንቅላቱን ወደ እኔ አስደግፈዋለሁ። አተር የምታህል ሳሙና አደርጋለሁ። የውጩን፣ የውስጡን፣ የሚያኝክበትን እያልኩ በቀስታ እቦርሽለታለሁ። ከዚያ ይተፋል፤ ሳሙናው ጥርሱ ላይ እንዲቆይ ብዙ ውሃ አይጉመጠመጥም። ከዚያ በኋላ ከውሃ በስተቀር ምንም አይበላም፣ አይጠጣም። ጠዋትም እንደዚሁ። መጀመሪያ ያለቅስ ነበር፣ ጣቴንም ነክሶኛል። አሁን ግን እየቆጠርኩ ስቦርሽለት ደስ ይለዋል፤ እስከ 20 መቁጠርም በዚያው ለመደ። እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን ዳገቱ ላይ በጣም ሲያለቅስብኝ ተሸንፌ ከረሜላ ገዝቼለታለሁ። በነጋታው ግን አዘልኩት።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ክበባችን ከሚቀጥለው ዓርብ ጀምሮ ከረሜላ መሸለም ያቁም። ይህን ለክበባችን ተጠሪ መምህር ነግሬያቸው «ጻፊውና አባላቱ ይወያዩበት» ብለውኛል። እንወያይበት።

ሁለተኛ፣ የኬጂና የ1ኛ ደረጃ መምህራን በከረሜላ ፈንታ ኮከብ፣ ጭብጨባና ኃላፊነት እንዲሸልሙ በትሕትና እጠይቃለሁ። የልደት ቀን ሲከበርም ጣፋጩ ከምሳ ጋር አንዴ ይበላ እንጂ ኪስ ተሞልቶ ቀኑን ሙሉ አይላስ።

ሦስተኛ፣ የምገባ ሰዓት ካለቀ በኋላ የኬጂ ልጆች ቢያንስ አፋቸውን በውሃ እንዲጉመጠመጡ ይደረግ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች በየተራ ልናግዝ እንችላለን። የመጀመሪያው ሳምንት ተረኛ እኔ ልሁን።

አራተኛ፣ መጋቢት 11 ቀን የዓለም የአፍ ጤና ቀን ነው። በዚያ ቀን ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋብዘን በሚኒ ሚዲያ እናስተምር፣ የወላጆች ስብሰባ ላይም ይነገር። ጥርሱ ነጠብጣብ ያወጣ ልጅ ሳያመው በፊት ሐኪም ቢያየው ጥርሱ ሊተርፍ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እኛ ከተቃጠለ በኋላ ነው የደረስነው።

አምስተኛ፣ እያንዳንዳችን ታናሻችንን ዛሬ ማታ አፉን አስከፍተን እንይ። ይህ ስብሰባም ፈቃድም አይፈልግም።

ባለፈው ሳምንት ለኬጂ ልጆች የክፍል ፎቶ ተነስቶ ነበር። ሁሉም ልጅ ይስቃል። ማሙሽ ብቻ ከንፈሩን ገጥሞ ቆሟል። እማዬ «ለምን አልሳቅክም?» ስትለው «ልጆቹ ወላቃ ይሉኛል» አላት። የፊቱ ጥርስ አንድና ሁለት ዓመት ቢፈጅም ይበቅልለታል። የመንጋጋው ቦታ ግን ለብዙ ዓመት ባዶ ይሆናል፤ ሥጋም ዳቦም በቀኙ ብቻ ነው የሚያኝከው። ባየሁት ቁጥር ያ ሁሉ ከረሜላ ትዝ ይለኛል። እናንተ እንደ እኔ አርፍዳችሁ እንዳትጸጸቱ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

የተሳሳትኩት ካለ መምህራን አርሙኝ። የማይስማማ ተማሪም ካለ በሚቀጥለው እትም መልስ ይጻፍልኝ፣ ደስ ይለኛል።